የክፍል ተረበኛ የድኅረ ሞት ሕይወት

የክፍል ተረበኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ የሚገኝ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር የሚነቃ፣ ፊቱን ሲመልስ ደግሞ በትምህርት የሚመሰጥ ተማሪ ነው። 60 እና 70 ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል አንድ ይበቃል፤ ሁለት ከበቀሉ አንዱ ወይ ክፍል ይቀይራል ወይ ይጨምታል። በሕይወት ሳለ ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ የክፍል አለቃው «ረባሾች» ብሎ በያዘው ወረቀት ላይ ይገኛል። ስሙ ከላይ ነው፤ አንዳንዴም አጠገቡ «በጣም» የሚል ይታከልበታል። ይሁንና ተረበኛው ይበልጥ ፍሬያማ የሚሆነው ከሞተ በኋላ ስለሆነ፣ የዚህ ጥናት ትኩረት እዚያ ላይ ነው።

ለናሙና የተያዘው ተረበኛ የፕላዝማ ዘመን ልጅ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በሳተላይት ሲሰጥ፣ የፕላዝማዋ መምህርት በእንግሊዝኛ ጠይቃ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል «በጣም ጥሩ» ብላ ታልፍ ነበር። በዚህ ጊዜ ተረበኛው ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ «አመሰግናለሁ ቲቸር» ይላል። አንድ ቀን ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ እሷኑ አስፈቀደ። ስርጭቱ ወዲህ እንጂ ወዲያ ስለማይሄድ ፈቃድ አልተገኘም፤ እሱም እስከ ደወል ድረስ እጁን እንዳወጣ ቆየ።

ሌላው ዝነኛ ሥራው የአጎት ጉዳይ ነው። ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ አምጣ» ቢለው፣ በር ላይ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ በ10 ብር ተዋውሎ «አጎቴ ናቸው» ብሎ አቀረበ። ሊስትሮው የልጁን ጥፋት ሲሰማ ከውሉ ውጭ በጥፊ አጮለው። ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱና በየባቹ ይነገራል፤ ጥፊው ከየትኛውም አይቀርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ባለቤቱ የጠፋ ቀልድ ሁሉ መጠጊያ ሲፈልግ አለቃ ገብረ ሐና ስም ሥር ሲገባ ኖሯል፤ በስማቸው የሚነገረውን ሁሉ ተናግረውት ቢሆን ኖሮ ለማስተማር ጊዜ ባልተረፋቸው። ለአቋቋም ያበረከቱት፣ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ ዝማሜ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሰው በቀር ብዙም የሚያነሣው የለም። የክፍል ተረበኛም እንደዚሁ ነው። የጎረቤት ሴክሽን ቀልድ፣ የታላላቆች ባች ቀልድ፣ ፊልም ላይ የታየ ቀልድ ሳይቀር ከሰልስቱ ጀምሮ ገቢ ይሆንለታል። ሟች ተቃውሞ አያቀርብም። ከትምህርት በኋላ ቆይቶ አጠገቡ ለሚቀመጠው ልጅ ፊዚክስ ያስረዳ እንደነበር ግን የሚያስታውሰው ያ ልጅ ብቻ ነው።

በገዛ እጁ የተጻፈ ማስረጃ አውቶግራፍ ላይ ይገኛል። ጠርዙ በልብ ያጌጠ አንድ ደብተር፣ ሌሎች ተማሪዎች ፓይለትና ዶክተር ለመሆን ቃል በገቡባቸው ገጾች መካከል የሚከተለውን ይዟል። «የምትወደው ምግብ?» «የሰው።» «የምትጠላው?» «ተራዬ ደርሶ የምከፍለው።» «ፍቅር ምንድን ነው?» «ገጽ 14 ላይ ያለችው ትንገርሽ።» «የወደፊት ምኞትህ?» የሚለው ባዶ ነው። ስለ ባዶው መስመር ልዩ ልዩ አስተያየት ቢሰጥም፣ ደወል ተደውሎበት ነው የሚለው ሚዛን ይደፋል።

የሞቱ ዜና በባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ሲነገር የመጀመሪያው መልስ «ቀልድ ተው» ነበር። ለጥርጣሬው መነሻ አለው፤ የተረበኛው አያት በ11ኛ ክፍል ብቻ፣ ሁልጊዜም በፈተና ሰሞን፣ ሦስት ጊዜ ሞተዋል። የክፍል ጓደኞቹ ለቅሶ ሲደርሱ እኒሁ አያት ድንኳኑ መሐል ቁጭ ብለው የልጅ ልጃቸውን ሲያለቅሱ አገኟቸው።

በድንኳኑ ጥግ፣ በእድሩ ወንበር ላይ፣ ባቹ ንፍሮ እየቆረጠመ ወሬ ጀመረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ አንድ የእድር ሽማግሌም ዞረው ገላመጧቸው። እናቱ ግን መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «የእኔ ልጅ? እቤት እኮ አፉን የሚከፍተው ለእህል ብቻ ነበር» አሉ። የሊስትሮው ታሪክ ተነገራቸው። «እስቲ ድገሙልኝ» አሉ፤ ተደገመላቸው። በዚያ ዓመት ዩኒት ሊደሩ ያስመጣው እውነተኛ አባቱን እንደነበር የሚያውቁ ሁለት ልጆች ጫማ ጫማቸውን አዩ።

ከዚያ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ይከተላል፤ በየደረጃው የሰው ቁጥር ይቀንሳል፣ የቀልዱ ቁጥር ይጨምራል። ከግሩፑ ግን ማንም አያስወጣውም። ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ስልክ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ይሸጣልና፣ አንድ ቀን ማለዳ ቁጥሩን ያልሰረዙ ሁሉ ስልክ ላይ የሟቹ ስም «ቴሌግራምን ተቀላቅሏል» ከሚል መልእክት ጋር ብቅ አለ። አንዱ እጁ እየተንቀጠቀጠ «አንተ! አሁንም አርፍደህ ነው የምትገባው?» ብሎ ጻፈ። አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት «ማን ልበል?» ሲል መለሰ። ባቹ ይህንንም በሟቹ ስም መዝግቦታል።