ማረሱ ነው እንጂ ታሪኩ!

የልጅ ልጄ ሦስት መቶ ፊልም አይቻለሁ ይላል። ጠጋ ብዬ ስመረምረው አንድም አላየም። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚለፈልፍ ጎረምሳ አለ፤ የሁለት ሰዓቱን ፊልም በዘጠኝ ደቂቃ የሚተርክለት እሱ ነው። «ሰውዬው ሚስቱ ትሞትበታለች፤ ከዚያ ይናደዳል፤ ከዚያ ይበቀላል።» አለቀ! እኛ አገር ለቅሶ እንኳ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል። በዘጠኝ ደቂቃ ተሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ደም ተመልሶ የሚያልቅ ነገር ምኑ ልብ ውስጥ ይቀራል?

እኔ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስቼ ፓዌ የሰፈርኩ ሰው ነኝ። ፓዌ መንደሩ ሁሉ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ ሰው «የየት አገር ሰው ነህ?» ሲባል ቁጥር ይናገራል። ወደ ግልገል በለስ የመጣሁት ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት የሚሉት ነገር ነበር። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል፣ ግድግዳው ቀርከሃ ነው፣ አግዳሚው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ላቡን ይጠርጋል። የሚታየው የህንድ ፊልም ነው። ህንድኛ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ግን ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ «አዋቂ» ነበረን፤ ጮክ ብሎ ይተረጉማል፣ ግማሹን ከራሱ እየጨመረ። ማን ይከራከረዋል?

«ማዘር ኢንዲያ»ን እዚያ አየሁ። ሜህቡብ ካን በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ናርጊስ የምትባለዋ ተዋናይት ባሏ ጥሏት የጠፋ ገበሬ ሆና ትጫወታለች። አራጣ አበዳሪው ምርቷን ይወስዳል፣ ጎርፉ የተረፈውን ይጠርጋል፣ በሬ ስታጣ ሞፈሩን ራሷ ትጎትታለች። መጨረሻ ላይ፣ ያን ያህል ተርባ ያሳደገችው ልጅ የአበዳሪውን ሴት ልጅ ጠልፎ ሲሮጥ፣ ጠመንጃ አንስታ ትተኩስበታለች። የመንደሩን ክብር ከሆዷ ፍሬ አስበልጣ!

ያን ለት ቤቱ ውስጥ ወሎዬው፣ ከምባታው፣ አገው፣ ሺናሻ፣ ጉሙዝ ሁሉም ነበር። ጠመንጃዋን ስታነሳ አዋቂያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። «ተርጉም እንጂ!» ያለውም አልነበረም። የጄኔሬተሩ ጩኸት ብቻ ቀረ። በሬ አልቆበት ከቀዬው የተነሳ ሰው ለዚያ አስተርጓሚ ምን ያደርግለታል?

የዛሬ ፊልም ግን ሰው ዝም እንዲል አይፈቅድም። ልጅቷ መርዶውን ሳትሰማ ፒያኖው ቀድሞ ያለቅሳል። «አሁን እዘን» ብሎ የሚያዝዘኝ ፒያኖ ማን ሾመብኝ? ቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ያው የአዲስ አበባ ቪላ፣ ያው ነጭ ሶፋ፤ ሰዎቹ ሥራቸው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ብቻ መኪና ውስጥ ሆነው ይጣላሉ። ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲሸጥ የሚታይ ፍጡር የለም።

ቆይቶ አንድ ጎረቤቴ አስተማሪ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በፍላሽ አመጣልኝ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የተቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው ይባላል፤ የሚያርሱትም የፊልም ሰዎች ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው። እርፍ አያያዛቸውን አይቼ ወዲያው አወቅኩ፤ ያን ማንም ሊያስመስለው አይችልም። ገበሬው ቤተሰብ ከነልጁ ጎንበስ ብሎ ሲለፋ ባለርስቱ ከፍ ብሎ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ይሳደባል። መሬቱን የተቀማው ከበበ፣ እብድ የሚሉት፣ በመጨረሻ በዱላ ይገድለዋል።

የልጅ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ማዛጋት ጀመረ።

«አባባ፣ ምንም እኮ አይፈጠርም። ማረስ ብቻ ነው።»

«ማረሱ ነው እንጂ ታሪኩ!» ብዬ ጮህኩ። ማረሱን እስኪሰለችህ ካላየህ ያ ዱላ ሲነሳ ምን ይገባሃል? በዘጠኝ ደቂቃ ብታየው እብድ ሰው ገደለ ትላለህ። እስከ መጨረሻው ብትቀመጥ ግን እጅህ ዱላ ይፈልጋል።

«ጤዛ»ንም እንዲሁ። የዚያው የኃይሌ ነው፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ቬኒስ ላይ የተሸለመ። ፈረንጅ አገር ተምሮ፣ እግሩን ጥሎ የመጣው አንበርብር እናቱ ደጅ ተቀምጦ ሐይቁን እያየ ይቆዝማል። «ለምን አይነሳም?» ይለኛል ልጁ። ወዴት ይነሳ?

ባለቤቴም አላረፈችም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቱርኮች አማርኛ ይናገራሉ፤ የኢስታንቡል እመቤት አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። እኔ አላይም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ባለፈው ብቻ ያቺ ክፉ አማት ምን ደረሰባት ብዬ ጠየቅኩ፤ የጠየቅኩትም ጩኸቱ ስለረበሸኝ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ዞረህ እይ እንጂ ምን ያጣምምሃል!» አለችኝ። ክፋቱ ግን መቶ ክፍል አልፎም ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታረቀም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ አስተማሪው «የብስክሌት ሌቦች»ን አመጣ። ዴ ሲካ የሚባል ጣሊያን በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው፤ ዋናው ሰውዬም የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ልጁን ስልክህን አስቀምጥ ብዬ አስቀመጥኩት። ተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ጣሊያንኛዬ ፓዌ ላይ ከጣና በለስ ፕሮጀክት ጣሊያኖች የለቀምኳት ናት፤ «ፒያኖ ፒያኖ»፣ ቀስ ቀስ ማለት ነው፣ እና ሁለት ስድብ። የቀረውን እንደ ድሮው አዋቂያችን ከራሴ ጨመርኩ።

ሰውዬው ከስንት ጊዜ ሥራ ፍለጋ በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ከሌለህ ግን ሥራው የለም ይሉታል። ሚስቱ ከአልጋ ላይ አንሶላውን ገፍፋ መያዣ ታስይዝና ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው ቀን፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲለጥፍ ሌባ ይዞት እብስ! ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን በእግር ያስሷት ጀመር። ፍንዳታ የለም፣ ሽጉጥ የለም፤ አባትና ልጅ ብቻ ይሄዳሉ። ቀና ብዬ ባየው የእኔው ልጅ አላዛጋም፣ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አባትዬው ዓይኑን አንዲት ብቸኛ ብስክሌት ላይ ሲጥል…

መብራት ሄደ።

«አባባ! ብስክሌቱ ተገኘ?»

ዝም አልኩ። ስልኩን ሲዳብስ ሰማሁ፤ ባትሪው አልቋል።

«አባባ፣ በሞቴ! ብቻ ተገኘ ወይስ አልተገኘም?»

«መብራት ሲመጣ ታያለህ» አልኩትና ነጠላዬን ተከናንቤ ጋደም አልኩ።