ዝቅ የተደረገ ሞተር ሳይክል ስታንድን ስለማሳጠር ከመሬት ስበት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ የመሬት ስበት፣ ጉቦ የማንቀበል፣ ዘመድ የማናውቅ፣ ባለ ሁለት ጎማውን ሁሉ ያለ አድልዎ ወደ ታች የምንጠራ፤ እግራቸው መሬት አልደርስ ያላቸው ዜጎች የኋላውን ማገናኛ ብረት በረዥም ለውጠው፣ የፊቱንም ሹካ በማቀፊያው ውስጥ ወደ ላይ ገፍተው ሞተራቸውን ዝቅ ካደረጉ በኋላ የጎን ስታንዱን እንደ ነበረ መተዋቸው ስለ ተደረሰበት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በኮርቻ ላይም መድረሱ ስለ ታወቀ፤ ከፍታንና ስታንድን በአንድ ልክ ማስተዳደር አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ስለ አዋጁ ምክንያት። በጎን ስታንድ የቆመ ሞተር የሚያርፈው በሦስት ነጥብ ነው፤ በፊት ጎማ፣ በኋላ ጎማና በስታንዱ እግር። እኛ የምንጠይቀው የሞተሩ ክብደት መሃል ቁልቁል ሲወርድ በሦስቱ መካከል እንዲያርፍ ብቻ ነው። ፋብሪካው ስታንዱን የለካው ሞተሩ በልኩ ወደ ግራ ተደግፎ እንዲቆም ነው። አካሉ ወርዶ ስታንዱ ሳይነካ ሲቀር ግን ሞተሩ ወደ ቀኝ ይገፋና ቀጥ ይላል። ቀጥ ማለቱ ለዓይን ቢያምርም፣ ክብደቱ በሁለቱ ጎማዎች መስመር ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከግራ የመጣ ነፋስ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ አስፋልት ወይም በቀኙ ሻንጣ የገባ አንድ ጀሪካን ውኃ ፍርዱን ይፈጽመዋል። ይህን ከግል ጥላቻ የተነሳ ነው የሚል ቢኖር ምስክራችን ፋብሪካ ነው። የሱዙኪ ዲአር650ኤስኢ መቀመጫ ከ885 ወደ 845 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሱዙኪም ለዝቅተኛው ከፍታ አጠር ያለ ስታንድ ለብቻው አቅርቧል። ሞተሩን የሠራው ራሱ 40 ሚሊ ሜትርን ችላ ካላለ፣ ባለቤቱ ችላ የሚልበት ሥልጣን ከየት መጣ?

አንቀጽ 2፦ ስለ ቀረቡ ተቃውሞዎች። አንደኛው ወገን «ቦታ መርጬ አቆማለሁ፤ ወደ ግራ ያዘነበለ መሬት አይጠፋም» ይላል። ይህ ሞተሩን የለወጠ ሰው ከተማውም አብሮት እንዲለወጥ መጠየቁ ነው። ለአንድ ቀን ያስኬዳል፤ ነዳጅ ማደያ፣ ገበያና የጎረቤት በር ግን ተዳፋታቸውን የሠሩት እሱን አማክረው አይደለም። ሁለተኛው ወገን ቸኩሎ «40 ካወረድኩ 40 እቆርጣለሁ» ይላል። የኋላው ብቻ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድና የፊቱ ባይነካ፣ በሁለቱ ጎማዎች እኩሌታ ላይ የታሰረ ስታንድ የሚወርደው 20 ያህል ነው። 40 የቆረጠ ሰው በቀኝ መውደቅን ሸሽቶ በግራ ከመጠን በላይ የተጋደመ ሞተር ያገኛል፤ ለማንሳት ወገብ የሚፈትን፣ ለስላሳ መሬት ላይ እግሩ የሚሰምጥ። ሦስተኛው ወገን «የተቆረጠ ብረት ይደክማል» ሲል የሚናገረው እውነት ነው፤ ግን የሚከሰው መጥፎ ብየዳን እንጂ ማሳጠርን አይደለም።

አንቀጽ 3፦ ስለ አፈጻጸም። ቆራጩ አስቀድሞ በሁለቱም ጎማዎች ሥር እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ እየደረበ ሞተሩን በስታንዱ ያቁም፤ የቀድሞው ዘንበል ሲመለስ የጣውላው ውፍረት ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረዋል። መጀመሪያ ከዚያ ጥቂት አሳንሶ ይቁረጥ፤ የተረፈ ይቆረጣል፣ የጎደለ ግን አይበቅልም። ስታንዱ ከሞተሩ ይፈታ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ካለው እሱም ይነሳ፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ መበየድ ለኤሌክትሪክ መስመሩ አደገኛ ነው። የብረት ቱቦ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጫርበት፤ ሁለቱ ቁራጮች ሲገናኙ ጭረቱ ካልገጠመ የስታንዱ መርገጫ ጠምዘዝ ብሎ በአንድ ጠርዙ ብቻ መሬት ይነካል። ቆረጣው ቀጥ ባለው ክፍል ይሁን፣ በውስጡ ማጠናከሪያ ዘንግ ይግባ፣ ከዚያ ዙሪያውን ይበየድ። አሉሚኒየም የሆነ ስታንድ ለተገኘው በያጅ ሁሉ አይሰጥም። የሚስተካከል ስታንድ ገዝቶ መግጠም የተፈቀደ ነው፤ ቡሎኖቹ እንዳይላሉ በየጊዜው የመፈተሽ ግዴታ ግን አይቀርም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቅጣትና ስለሚጸናበት ጊዜ። ይህን አዋጅ የተላለፈ ሰው ቅጣቱን በቀኝ በኩል ይከፍላል፤ በቅድሚያ የቀኝ ስፖኪዮ፣ ቀጥሎ የፊት ፍሬን መያዣ፣ በብዙዎቹም ላይ ማርሚታ። ክፍያው የሚፈጸመው ባለቤቱ ቡና ሲጠጣ ስለሆነ መጥሪያ አይላክም። ይህ አዋጅ መጽናት የጀመረው ጎማ ከመፈልሰፉ በፊት ነው፤ ስለዚህ «አልሰማሁም» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም።