ቀርፋፋ ማሽን ይፈለጋል

ማሽን ሊገዛ የወጣ አበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉልበቱ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ጄኔሬተርም ይሁን የጁስ መፍጫ፣ ጥያቄው አይለወጥም። የመኪና ፖሊሽ ማሽን አምራቾችም ይህን አመላችንን የሚያውቁ ይመስል 3500 ዙር የሚለውን ካርቶኑ ላይ መዳፍ በሚያህል ቁጥር ይጽፉና ዝቅተኛውን ፍጥነት ማንም በማያየው ጥግ ይሸጉጡታል። እኔ የምከራከረው ለዚያ ለተሸጎጠው ቁጥር ነው። ሮታሪ የሚባለው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚሽከረከረው ፖሊሽ ማሽን የሚመረጠው በፈጣንነቱ ሳይሆን በቀርፋፋነቱ ነው። በደቂቃ 600 ዙር ላይ ተረጋግቶ መሥራት ከቻለ ላይኛው ቁጥር 3000 ሆነ 3500 ግድ የለም፤ ያን ያህል የሚያስሮጥ ሥራ ኮፈን ላይ የለምና።

ሒሳቡን እናስላው። የተለመደው ሮታሪ 180 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፓድ ይይዛል። በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲሽከረከር የፓዱ ጠርዝ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በ1500 ዙር 50፣ በ600 ዙር ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር። ዕድሜዋን ሙሉ 100 ተነድታ የማታውቅ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ቆማ ሳለች በላይዋ ላይ 100 ይነዳባታል ማለት ነው። መንገዱስ ምን ያህል ውፍረት አለው? ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ከላሜራው በላይ ያለው ሁሉ፣ ከፕራይመሩ እስከ ክሊሩ ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን አንርሳ። ከዚህም ውስጥ ብርሃኑን የሚሰጠውና ቀለሙን ከፀሐይ የሚከልለው ክሊር ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል። ሰው «ፖሊሽ አስደረግኩ» ሲል አንድ ነገር የተጨመረለት ይመስለዋል። የሆነው ግን መቀነስ ነው፤ ጭረቱ የማይታየው በዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ወደ ጭረቱ ወለል ስለወረደ ነው። ሮታሪ ደግሞ ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ይከምረዋል፤ በተለይ ቀለሙ በሚሳሳበት የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ፣ ይልቁንም ሙቀት በደንብ በማያሳልፈው የፕላስቲክ ፓራውልት ላይ፣ ጥቂት ሰከንድ መዘናጋት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ቆጣቢው ወገን እጁን ያወጣል፦ «ግራይንደር አለን፤ የበግ ፀጉር ገዝተን ብንገጥምበትስ?» ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው መግጠሙ ነው። የግራይንደሩም የፖሊሽ ማሽኑም ዘንግ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ባለ 14 ሚሊሜትር ጥርስ አለው። ጥርሱ ገጠመ ማለት ግን ተጋቡ ማለት አይደለም። ባለ 125 ሚሊሜትሩ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11000 ዙር ይዞራል፤ ሲሰላ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ፍጥነቱ የሚስተካከለውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ መነሻው 2800 ዙር ነው፤ ፖሊሽ ማሽን ደክሞት በሚያቆምበት ቦታ ግራይንደር ገና ይነሳል። ክሊሩ ሄዶ ቀለሙ፣ ቀለሙ ሄዶ ስቱኮው ብቅ ይላል። «ላሜራዋ አልተነካም፣ አደጋ አይታ አታውቅም» ተብላ የተሸጠች መኪና ምስጢሯን የምታወጣው እንዲህ ነው። ከምርመራ አንጻር ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን አልክድም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ጉልበት የሌለው ማሽን ሲጫኑት ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ዋቱ ይብዛ።» ይብዛ፣ እኔም እፈርማለሁ። የምንለያየው ዋቱ ለምን እንደሚፈለግ ነው። ለመሮጥ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ለመሄድ ነው። ተራውን ማሽን 600 ላይ አድርገው ፓዱን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፉት ዙሩ ይወርዳል፤ ሠራተኛው ይናደድና መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ እጁን ቀለል ሲያደርግ ማሽኑ ገመድ የበጠሰ ወይፈን ይሆናል። ጥሩዎቹ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ጭነት ሲበዛ ለሞተሩ ኃይል እየጨመረ ዙሩን ባለበት ይይዘዋል። በሙያተኞች ዘንድ ስሙ የታወቀው ማኪታ 9237 ሞተሩ 1200 ዋት ነው፤ የፍጥነቱ ክልል ግን ከ600 እስከ 3200 ዙር ብቻ። ያ ሁሉ ዋት ለዝግታ! ደግሞም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው በሞተሩ በራሱ ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ሞተሩ ዙሩን ሲቀንስ ነፋሱም ይቀንሳል። በዝግታ እየተጫኑ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የሚቃጠለው ርካሹ ሞተር ነው፤ ቀርፋፋነት ገንዘብ የሚያስወጣውም ለዚህ ነው። አነሳሱም ከዚሁ አይለይም። ቁልፉ ሲጫን እየተንፏቀቀ የሚነሳ ማሽን ኮምፓውንዱን ቀለሙ ላይ ያሰራጨዋል፤ ብድግ ብሎ የሚነሳው ግን ለመስታወቱ፣ ለስፖኪዮው፣ ለሠራተኛው ሸሚዝና ለሚያልፈው ሰው ሁሉ እኩል ያከፋፍለዋል። የመስኮት ጎማ ላይ ገብቶ የደረቀ ነጭ ኮምፓውንድ ደግሞ የጥርስ ብሩሽ ይዞ መለማመጥን ይጠይቃል።

«ዝግታና ልስላሴ ከፈለግክ ዱዋል አክሽኑን አትገዛም ወይ?» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ በከፊል። ያኛው እየተሽከረከረ በተጨማሪ ስለሚወዛወዝ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ቀለም ከመብላት ይልቅ መሽከርከሩን ትቶ መንቀጥቀጥ ይመርጣል። የራሱን መኪና በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚያሳምር ሰው እሱ ይበቃዋል፤ ይህን ወግ እዚህ ላይ አጥፎ መሄድ ይችላል። በጋራዥ ቀለም የተቀባ፣ በ2000 ቁጥር ሸራ ውሃ እየተደረገበት የተፋቀ መኪና በየቀኑ የሚገባለት ሰው ግን የሸራውን ጭረት ቶሎ የሚያነሳለት ሮታሪ ነው። ሮታሪም ጉድ አለው፤ ጥላ ውስጥ አምሮ የወጣ ጥቁር መኪና የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ፓዱ የሄደበትን ሁሉ በክብ በክቡ ያሳያል። ይህን የሚያጠፋው በስፖንጅ ፓድና በቀጭን ፖሊሽ፣ እጅ ሳይከብድ የሚደረግ የመጨረሻ ዙር ነው። ያ ዙር የሚሠራው በዝቅተኛው ቁጥር ስለሆነ፣ ተቃዋሚዎቼ ዞረው ዞረው እኔው ጋ ይመጣሉ።

ደግሞ ክሊር የሚባክንበት ዘመን ላይ አይደለንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ኪስ የሚያራቁት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችዋ ቪትዝ እንግዲህ ከባለቤት ባለቤት ስትዞር ትኖራለች፤ በተሸጠች ቁጥርም «ትንሽ ብልጭ ትበል» ይባላል። እያንዳንዷ ብልጭታ ከክሊሩ ላይ ማይክሮን ትወስዳለች። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛውም አይኩራራ፤ ባትሪው ይሞላል እንጂ ክሊሩ ቻርጅ አይደረግም።

ከዋሽንግተን ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ማሽንም መጠየቅ አለበት፤ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። እኛ 220 ላይ ነን፤ ሶኬት የነካ ዕለት የመጀመሪያ ጭሱ የመጨረሻውም ይሆናል። ትራንስፎርመር ቢገዛለት ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ይከብዳል፤ የዘንጉም ጥርስ በኢንች ስለሆነ እዚህ የሚሸጠው የፓድ መያዣ አይገጥምለትም። እዚሁ መርካቶ ሲገዛ መጀመሪያ ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈችው ጽሑፍ ትነበብ። ዙሩ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ካልተጻፈና አንድ ቁጥር ብቻ ካለ ባለበት ይቀመጥ። ከዚያ ሶኬት ላይ ይሰካ፣ መቆጣጠሪያው ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ይደረግ፣ ፓዱ ጣውላ ላይ አርፎ ጫን ይበሉት፣ ድምፁም ይደመጥ። ሲጫኑት የሚያቃስት፣ ሲለቁት የሚጮህ ከሆነ ይመለስለት። ሲጫኑትም ሲለቁትም በአንድ ድምፅ የሚያጉረመርመውን ሲያገኙ ግን ፊት አይብራ፤ ሻጩ «ይሄ እንኳን ይንቀረፈፋል፣ የሚሮጥ ላሳይህ» ካለ ዋጋ ለመከራከር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።