መሐላ እንደ መገበያያ፦ በመርካቶ የቅዱሳን ስም የምንዛሪ ተመን ላይ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

የኢትዮጵያ ክርስቲያን ሃይማኖተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበያ መውጣት ይበቃል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መርካቶ ገብቶ አንዱን ተራ ከዳር እስከ ዳር የዘለቀ ሰው፣ በዓመት በዓል ቅዳሴ ከሚሰማው የማይተናነስ የቅዱሳን ስም ሰምቶ ይወጣል። እመቤታችን በጫማ፣ ሚካኤል በብርድ ልብስ፣ ገብርኤል በስልክ ሽፋን፣ ጊዮርጊስ በሽንኩርት ጉዳይ ይጠራሉ። ይህ ጥናት የተነሣው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ በዛሬው ገበያ አንድ የቅዱስ ስም ስንት ብር ያወጣል?

ጥያቄው ሥር የሰደደ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው ስፍራ እስኪያዛውረው ድረስ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የያኔው ነጋዴ በጊዮርጊስ ሲምል ታቦቱ በጥሪ ርቀት ላይ ነበር ማለት ነው። የዛሬው መርካቶም ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ጋር ተጎራብቶ ይኖራል። ስለዚህ «ሰሚ ስለሌለ ነው የማለው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

የጥናቱ ወሰንና ዘዴ

ጥናቱ በክርስቲያኖች የተወሰነ ነው። «ወላሂ» የሚለው የሙስሊሞች መሐላ ለዘርፉ ሊቃውንት ተትቷል፤ ይሁን እንጂ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ወጣት «ወላሂ እልሃለሁ!» ሲል መስማት የተለመደ በመሆኑ፣ የአገር ውስጡ መሐላ ዋጋ ሲያጣ ሕዝቡ ወደ ውጭ ምንዛሪ እንደሚዞር እግረ መንገዳችንን መዝግበናል።

መረጃው የተሰበሰበው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ በመሄድ ነው። ይህ ዘዴ የብዙው ገበያተኛ ልማድ ስለሆነ የማንንም ጥርጣሬ አልቀሰቀሰም።

የመሐላ እርከኖች

መሐላ እንደ ብር ኖት ዝርዝርና ድፍን አለው።

የመጀመሪያው እርከን ባዶ ቃል ነው፦ «እውነቴን ነው»፣ «የምሬን ነው»። የሚናገረውም የሚሰማውም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሆኖም እሱን ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው መዝለል እንደ ችኩልነት ይታያል።

ሁለተኛው ነጠላ ቅዱስ ነው፦ «ማርያምን!»፣ «ገብርኤልን!»። ተግባሩ የመነሻውን ዋጋ ማስከበር ነው። ሦስተኛው ድርብ ነው፦ «ማርያምን! ሚካኤልን!» ይህ የሚወጣው ገዢው ጀርባውን ሲያዞር ነው። አራተኛው በእጅ የሚታገዝ ሲሆን፣ ሻጩ የአንገቱን ክር በሁለት ጣት ይዞ «ማተቤን!» ይላል። ማተብ የሌላቸው ነጋዴዎች በዚህ ጊዜ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ሲይዙ ተስተውለዋል።

ከእነዚህ ሌላ ወቅታዊ መሐላ አለ። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው፤ በነዚህ ቀናት «በዚህ በጾም ምድር ልዋሽህ?» የሚለው ጥያቄ በሰፊው ይቀርባል። ጥያቄው መልስ አይጠብቅም። ተናጋሪው የጾም ምድር ካለፈ በኋላ ምን ለማድረግ እንዳሰበ ግን በግልጽ ያሳያል።

አምስተኛው እርከን ለብቻው ስለሚታይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ግኝት አንድ፦ የሁለትዮሽ መሐላ

ለአብነት አንድ ጥንድ ጫማ እንውሰድ። ሻጩ «ቬትናም ነው፣ ኦሪጅናል» ብሎ 3,500 ብር ይጠራል። ገዢው 1,500 ይላል። ሻጩ ሳቅ ብሎ «ማርያምን፣ ለኔ ራሱ በ3,200 ነው የመጣልኝ፤ 300 ብር ልትከለክለኝ ነው ወንድሜ?» ይላል። ገዢውም በበኩሉ ኪሱን እየዳበሰ «ሚካኤልን፣ ያለኝ 1,800 ብቻ ነው፤ የታክሲ እንኳ አላስቀረሁም» ይላል። ከዚያ ይሄዳል። «ና! ና በቃ ውሰደው!» ተብሎ ይጠራል። ጫማው በ2,000 ብር ይሸጣል።

በዚህ ቅጽበት ሁለት ድንቅ ነገሮች ይከናወናሉ። 1,800 ብር ብቻ የነበረው ሰው 2,000 ብር ቆጥሮ ይከፍላል፤ በቀረውም ካልሲ ገዝቶ ጭማቂ ቤት ይገባል። በ3,200 የገዛውን በ2,000 የሸጠው ሰው ደግሞ ፈገግ ብሎ «በላይህ ይለቅ» እያለ ይመርቃል። ጥናቱ ለዚህ ሁለት መላምቶች ያቀርባል። አንደኛው፣ ነጋዴው በእያንዳንዱ ጥንድ ጫማ 1,200 ብር እየከሰረ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሱቅ የሚከፍት ባለተአምር ነው። ሁለተኛው መላምት በጨዋ ደንብ ምክንያት አይጻፍም።

የሚታወሰው ሒሳብ ግን ይህ ነው፤ በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ ሁለት መሐላ፣ ለአንድ እግር አንድ። ነጋዴውን ብቻ ግብዝ የሚሉ ጸሐፊዎች የሁለተኛውን እግር ባለቤት ዘንግተዋል። እንዲያውም ሳይምል ዋጋ የሚናገር ሻጭ ይጠረጠራል። «ይሄኛው አልማለም፤ አንድ ነገር ደብቋል» ተብሎ ይታለፋል፤ ገዢውም ወደሚምለው ይሄዳል።

ግኝት ሁለት፦ የሕፃኗ ስም

ወደ አምስተኛው እርከን እንምጣ። አንዲት ሻጭ ሦስት ቅዱሳንን በአንድ ትንፋሽ ከጠራች በኋላ፣ ገዢው «እንግዲያው ልጅሽን በይ» ቢላት የሚሆነው ነገር በየተራው ተመሳሳይ ነው። ፊቷ ይለወጣል። «ልጄ ምን አደረገችህ? በገበያ መሐል የልጅ ስም ምን ያስነሣል!» ትላለች። መሐላው ይቋረጣል፤ ዋጋውም ሳይጠየቅ ይወርዳል።

ከዚህ የምንረዳው የገበያው የክብር ቅደም ተከተል በቤተ ክርስቲያን ከምንማረው እንደሚለይ ነው። የመላእክት አለቃ የሆነው ሚካኤል በካልሲ ጉዳይ ሲጠራ ይውላል፤ ገና ትምህርት ቤት ያልገባችው ሕፃን ግን በ400 ብር ልዩነት አትደፈርም። ስለዚህ «የዛሬ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም» የሚለው አቤቱታ ትክክል አይደለም። ፍርሃቱ አለ፤ በሚገባ የተጠበቀና ለማንም የማይሸጥ ፍርሃት ነው። የሐሰት መሐላ መቅሰፍት እንደሚያመጣ ሻጯ አጥብቃ ታምናለች፤ ለዚህ ነው ልጇን ከመንገድ ዞር ያደረገቻት።

ታዲያ በማርያም ስትምል መቅሰፍቱን ለምን አልፈራችም? እዚህ ላይ ጥናቱ ወደ ነገረ መለኮት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን የምሕረት ቃል ኪዳን ተቀብላለች፤ በዓሉም በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ይከበራል። 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ በስሟ በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንደዳነ ምእመኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 78 ነፍስ በጥርኝ ውኃ ከተማረ፣ አንድ ጥንድ ጫማ በስንት ጠብታ ይማራል? ታሪኩ የተነገረው ተስፋ የቆረጠ ኃጢአተኛ እንዲመለስ ነበር። ገበያው ግን እንደ ብድር ጣሪያ ተረድቶታል። የሻጯ እምነት ጽኑ ነው፤ የምታምነው ግን ይቅር እንደምትባል ነው።

የገበያው አንድምታ

ጥናቱ መጻሕፍትንም አገላብጧል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ መሐላን ጨርሶ ይከለክላል፤ በሰማይም፣ በምድርም፣ በራስም ቢሆን መማል ቀርቶ ንግግሩ አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን ያዛል። በቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም መሐላ የሚያበዛ ሰው ኃጢአቱም እንደሚበዛ ያስጠነቅቃል። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራትን የሚከለክለው ሕግ በኦርቶዶክስ አቆጣጠር ሁለተኛው ትእዛዝ፣ በብዙ ፕሮቴስታንቶች አቆጣጠር ደግሞ ሦስተኛው ነው። በቁጥሩ ያልተስማሙት ወገኖች በአፈጻጸሙ አይለያዩም።

ነጋዴው እነዚህን ትምህርቶች ያውቃል፤ እሑድ ሲሰበኩ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ግን የራሱ ትርጓሜ አለው። ትእዛዙ የእግዚአብሔርን ስም ነው የከለከለው፤ እኔ የጠራሁት ገብርኤልን ነው ይላል። «ማርያምን አያዋጣኝም» የሚለውም ቃል በጉባኤ ቤት ሥርዓት ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦ አንድም፣ ለጀመርኩት ፎቅ ቤት ማስጨረሻ አያዋጣኝም፤ አንድም፣ ጠዋት ካንተ የዋህ ከነበረው ሰው ካገኘሁት አንጻር አያዋጣኝም፤ አንድም፣ በዚህ ፀሐይ ካንተ ጋር መጨቃጨቁ ራሱ አያዋጣኝም ማለት ነው። በሦስቱም ትርጓሜ መሐላው እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ጴንጤው ነጋዴ በቅዱሳን ስለማይምል ችግሩ የማይመለከተው ሊመስል ይችላል። እሱ ከካልኩሌተሩ በላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጣፊ ለጥፎ፣ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ «ወንድሜ፣ እኔ የጌታ ልጅ ነኝ፤ ለምን እዋሽሃለሁ?» ይላል። ተለጣፊው ሲታይ ይውላል፤ ካልኩሌተሩ ግን ወደ ሻጩ ዞሮ የተቀመጠ ነው።

የሸቀጡ ምስክርነት

ቅቤና በርበሬ የተለየ ጥናት ይገባቸዋል። ቅቤን ከሙዝ፣ በርበሬን ከሸክላ አፈር ጋር የመቀላቀል ሙያ በየጊዜው በዜና ሲዘገብ የኖረ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ፣ በሌላ እጁ ሚዛን ይዞ ቆሟል፤ ከሥሩ የነጋዴው ሚዛን ተቀምጧል። ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ዓይነት ንባብ እንደሚሰጡ ያረጋገጠ ባለሙያ አላገኘንም። ስለ ሻጩ ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መመስከር አለበት፤ በሁዳዴ የሚሸጠው ቅቤ ሙዝ ስለሚበዛበት ለጿሚ ሳይሻል አይቀርም።

ታሪካዊ ንጽጽር

መሐላ ሁልጊዜ እንዲህ ርካሽ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ወስልቶ ከዘመቻ የሚቀረውን እንደማይተዉት፣ ለዚህም አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ማሉ። እዚያ አዋጅ ውስጥ የእመቤታችን ስም ድርድሩን ዘጋ። ወደ ዓድዋ የዘመተው ሕዝብ «የመጨረሻውን ይንገሩን» አላለም። በመርካቶ ግን ያው ስም ድርድሩን ይከፍታል፤ ገዢውም ስሙ ሲጠራ ዋጋው ገና እንደሚቀንስ ይረዳል።

በድሮው ሙግትም ቃል ዋጋ ነበረው። ተሟጋቾች በክርክራቸው መሐል ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው የተወራረደውን ይከፍላል። ስለዚህ ሰው ነገሩን ከመናገሩ በፊት በረት ውስጥ ያለውን በቅሎ ያስብ ነበር። ቅዱሳኑ ከበቅሎ የሚለዩት ሲጠፉ ባለቤታቸውን የማያደኸዩ በመሆናቸው ነው። የተመኑ ውድቀት ዋና ምክንያት ይኸው እንደሆነ ጥናቱ ይደመድማል፤ ከፋይ የሌለው መሐላ ገደብ የለውም።

ምክረ ሐሳብ

አንዳንዶች ቁርጥ ዋጋ ይለጠፍ ይላሉ። በሱፐርማርኬት ተሞክሯል፤ መሐላው በርግጥ ጠፍቷል። ገንዘብ ተቀባይዋ በማንም አትምልም፤ «ዝርዝር የለም» ብላ በመልሱ ፈንታ ማስቲካ ትሰጣለች። ግብዝነቱ ቀርቶ ማኘክ ተተክቷል።

ይህ ጥናት ከዚያ ይልቅ የማር ውርርዱ እንዲመለስ ሐሳብ ያቀርባል። ማንኛውም ሻጭ ወይም ገዢ በገበያ ውስጥ የቅዱስ ስም ጠርቶ ዋጋው ከመሐላው ዝቅ ብሎ ከተስማማ፣ አንድ ኪሎ ማር ስሙ ለተጠራው ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ያስገባ። ጴንጤውም በተለጣፊው ልክ ለቸርቹ ያስገባ። ይህ ቢሠራ በአንድ ቅዳሜ ገቢ ብቻ የስንቱ ደብር ሕንጻ ጣሪያ ይከደናል፤ በየመንገዱ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ በድምፅ ማጉያ መለመንም ይቀራል።

ሐሳቡ ለአስተያየት ለነጋዴዎች ቢቀርብ ተቃውሞ ይገጥመዋል ብለን አንሰጋም። ከሳምንት በኋላ የጫማው ዋጋ 4,500 ይሆናል፤ ገዢው ደንግጦ ምክንያቱን ሲጠይቅም ሻጩ ደረቱን መትቶ «ማርያምን፣ የማሩን ብቻ ነው የጨመርኩት!» ይለዋል።