ዝም ባለ ፋን አየር አይገባም

«ላፕቶፔ ይጮሃል፤ ፋኑን አጥፉልኝ!» አለ ሰውዬው። ታዳሚ፣ ሰማችሁልኝ? ኳስ ሲያይ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን ሰው ፋን ረበሸው!

ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ይተርታል። ልክ ብለሃል፤ ለአፍህ ነው። ዝም ባለ ፋን ግን አየር አይገባም! አንተ ወሬ ስታራግብ ማን አጠፋህ? እሱ አየር ቢያራግብ ምን አጠፋ?

«ድሮ እኮ አይጮህም ነበር።» ድሮ አቧራ አልጠገበማ! ሰርግ ቤት አቧራ የምታስነሳ ሰውዬ፣ የፋንህ መውጫ ላይ የተጋገረውን ማን ያስነሳልህ? ሙቀቱ በመዳብ ቱቦ ተጉዞ በር ላይ ይደርሳል፤ በሩ ተደፍኗል። ፋኑ የሚጮኸው ተበድሎ እንጂ ተበላሽቶ አይደለም።

«አልጋ ላይ ነው የምሠራው፤ ምን አለበት?» ብርድ ልብስ ላይ ጎልተኸው! ብዙው ላፕቶፕ አየር የሚስበው በሆዱ ነው። ብርድ ልብስ ሲባል ሰምተህ ያበርዳል አልክ እንዴ?

«እንግዲያው በፕሮግራም ፍጥነቱን እቀንሰዋለሁ።» አይ ብልጠት! ቀንስ፤ ፕሮሰሰሩም ይቀንስልሃል! የብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ሥራ ያዘገያሉ፤ ከባሰም ማሽኑ ድርግም። አንተ ታዲያ «አርጅቷል» ብለህ አዲስ ልትገዛ ብር ትቆጥራለህ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው እኮ 92 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የምታግለው ፕሮሰሰር ነው ሻይ? ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት ጠርጎ ለመውሰድ አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ፋኑ አብዝቶ መሽከርከር አለበት። አየሩ ስስ፣ አንተ ስስታም!

ይልቅ ጠረጴዛ ላይ አውጣው። ባለሙያ ከፍቶ አቧራውን ያራግፍልህ፤ በአየር ሲነፋው የፋኑን ክንፍ ይያዝ፣ ያለ ልክ እንዳይሾር። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ከሆነም ይቀየር። ከዚያ የፋኑን ፍጥነት ሙቀቱን እያየህ አስተካክል፤ 50 ዲግሪ ላይ ቢያንሾካሹክ ፈቀድንልህ፣ 90 ላይ ግን ይጩህ!

«አሁንም ይሰማኛል» ካልክ ጥጥ ግዛ። ለጆሮህ ነው ታዲያ፤ የፋኑ መውጫ ላይ እንዳትወትፈው!