አሮጌ የፈረንሳይ መኪናን በፍቅር ስለ ማጥፋት
ለቤይሩት ወዳጆች የተሰጠ ምክር

መኪናን በጥላቻ ማጥፋት ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ በፍቅር ማጥፋት ግን ጊዜንና ገንዘብን፥ ይልቁንም ጽኑ እምነትን የሚጠይቅ ጥበብ በመሆኑ፥ ይህን ጥበብ እስከ ፍጻሜው ያደረሱ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ከእነዚያም ጥቂቶች መካከል በቤይሩትና በአካባቢዋ የሚኖሩት የአሮጌ ፈረንሳይ መኪና ወዳጆች ያላቸው ስፍራ የሚናቅ አይደለም።

ቤይሩት ለብዙ ዘመን የመርሴዲስ ከተማ ነበረች፤ ቀይ ታርጋ ለጥፎ፥ መለከቱን እየነፋ፥ በየመንገዱ ሰው እየለቀመ የሚሄደው «ሰርቪስ» ታክሲ አብዛኛውን ጊዜ መርሴዲስ ነበረና። ነገር ግን የፈረንሳይ ሞግዚትነት በ1943 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ቢያበቃም፥ የፈረንሳይ ቋንቋና የፈረንሳይ መኪና ከከተማይቱ አብረው ስላልወጡ፥ ልበ ሙሉው ወዳጅ የሚመኘውን ዛሬም አያጣም። ከእነዚህም አንዲቱ በ1955 በፓሪስ ትርኢት በታየችበት በመጀመሪያው ቀን ብቻ 12,000 ያህል ገዢ የተመዘገበላት ሲትሮኤን ዴኤስ ናት፤ ሌላዪቱ በ1961 የወጣች፥ ከስምንት ሚሊዮን በላይ የተሠራች፥ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት በቀኝ ጎኗ ከግራው ጥቂት የሚረዝም ሬኖ 4 ናት፤ ፔጆ 404ና ታናሽ እኅቷ 504ም አሉ። ኹሉም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ አባትና እናትን፥ ልጆችንና አያትን፥ አንድ ጆንያ ድንችም ጨምረው ወደ ገጠር እንዲወስዱ የተሠሩ የቤተ ሰብ መኪናዎች ናቸው። ይህ ዐላማቸው ለጥፋት የማይመች ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ እርሱን ከልብ ማውጣት፥ ቀጥሎም እንደሚከተለው ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀዳማይ ምክር፤ ስለ መግዛት

ወዳጄ ሆይ፥ መኪናዪቱን ለማየት የምትሄደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ በራውሼ ዐለት ፊት ለፊት ባለው የባሕር ዳር ጎዳና፥ በኮርኒሽ ላይ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ከባሕሩ የሚመለሰው ብርሃን ዝገትን ወርቅ ስለሚያስመስለው፥ ዐይንህ የልብህን ፈቃድ ለመፈጸም አይቸገርም። ሻጩ መኪናዪቱ የአንድ የአሽረፊየ ሰፈር ሐኪም እንደ ነበረች፥ ሐኪሙም እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሊያስቀድስ ብቻ ያወጣት እንደ ነበር ይነግርሃል፤ በቤይሩት ያሉ አሮጌ መኪናዎች ኹሉ የሐኪም ስለ ነበሩ፥ ይህን አትጠራጠር። ከሥሯ ለማየት ግን ፈጽሞ አታጐንብስ። የዴኤስ የውጭ ላሜራዎች በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው፥ የኋላው ፓራፋንጎ እንኳ በአንዲት ብሎን ብቻ ስለሚያዝ፥ አውልቆ፥ ስቱኮ ለቅልቆ፥ ቀለም ቀብቶ መመለስ ቀላል ሥራ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው የውስጥ አካል ግን በባሕሩ ጨው ሲበላ የሚያየው የለም። ወንጌል በኖራ ስለ ተለሰነ መቃብር የተናገረውን አስታውሶ የሚያስጠነቅቅህ ሰው ቢመጣ፥ ቅናት ይዞት ነው ብለህ እለፈው።

ካልዓይ ምክር፤ ስለ ዘይት

ዴኤስም ሆነች ከእርሷ በኋላ በ1970 የወጣችው ጂኤስ፥ በ1974ም የወጣችው ሲኤክስ፥ እንደ ሌሎቹ መኪናዎች በሞላ ላይ አይቀመጡም። ፖል ማዤስ የተባለው የሲትሮኤን ፋብሪካ መሐንዲስ ባወጣው ሥርዓት መሠረት፥ በየጎማው ዘንድ ባለ የብረት ኳስ ውስጥ የናይትሮጅን ጋዝ ታምቆ ይኖራል፤ ጋዙንም ሞተሩ በሚያሽከረክረው ፓምፕ የተገፋ ዘይት ይጫነዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ መኪናዪቱ ቀስ በቀስ ወደ ምድር ትሰግዳለች፤ ሲነሣ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት በ1957 በታተመ መጽሐፉ ስለ ዴኤስ ሲጽፍ መኪናን ከታላላቆቹ የጎቲክ ካቴድራሎች ጋር ማስተካከሉ የታወቀ ነው፤ አንተም በዚህ መንፈስ ከተመራህ፥ የፋብሪካውን መመሪያ መግለጥ የእምነት ጕድለት ሆኖ ይታይሃል።

መመሪያው የሚለው እንዲህ ነውና፤ በአውሮፓ እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት ዴኤሶች ቀዩን ሰው ሠራሽ ዘይት፥ ከዚያ ወዲህ ያሉት አረንጓዴውን የማዕድን ዘይት ይጠጣሉ፤ ለአንዱ የተሠራው ጎሚኒም ሌላውን ስለማይታገሥ ያብጣል፥ ይላሽቃል፥ ዘይቱንም ይለቃል። አንተ ግን ሰፊ ልብ ያለህ ሰው ነህና ቀይና አረንጓዴን አታበላልጥ፤ ሁለቱም በታጡ ጊዜ የመደብሩ ልጅ ያቀበለህን ተራ የፍሬን ዘይት ጨምርበት። በዴኤስ ፍሬኑም፥ መሪውም፥ የመኪናዪቱ ከፍታም ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ በመሆናቸው፥ በአንዲት ጠርሙስ ሦስቱንም ባንድነት ታጠፋለህ፤ ይህን የመሰለ ቁጠባ በጀርመን መኪና አይገኝም።

ሣልሳይ ምክር፤ ስለ መካኒክ

ከቤይሩት ወንዝ ማዶ፥ ከእልቂት የተረፉ አርመኖች በ1920ዎቹ መጥተው የሠፈሩባት ቡርጅ ሐሙድ አለች፤ በጠባቦቹ ጎዳናዎቿም ጫማ ሰፊውና ወርቅ አንጥረኛው፥ መካኒኩና ኤሌክትሪክ ሠሪው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። በዚያ ሰፈር ሰው «መዓለም» ብሎ በአክብሮት የሚጠራው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብታገኝ ወደ እርሱ አትቅረብ፤ ይህ ሰው አደገኛ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እየዞረ ዝም ብሎ ይቆማል፤ እጁንም አይሰነዝርም፥ ያዳምጣል እንጂ። የግፊቱ መቆጣጠሪያ «ቀጭ» የሚልበትን ጊዜ በልቡ ይቈጥራል፤ ድምፁ በየጥቂቱ ሴኮንድ የተመላለሰ እንደ ሆነ፥ ግፊት የሚያጠራቅመው ኳስ ጋዙ አልቆበታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በእጁ መዳፍ የመኪናዪቱን ጀርባ ወደ ታች ተጭኖ ይለቅና፥ በለስላሳ በመመለስ ፈንታ እንደ እንጨት የደነደነ እንደ ሆነ፥ የኋላዎቹም ኳሶች ጋዝ ይሞሉ ብሎ ይፈርዳል፤ ለዚህ ኹሉ የሚጠይቅህ ዋጋም ከምትፈራው ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መኪናዪቱን ስለሚያድናት፥ ጥበብህ በእርሱ ደጅ ይከሽፋል።

አንተ የምትፈልገው መካኒክ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ቀላል ነው» የሚለው ነው። እርሱ ኳሶቹን ኹሉ ነቅሎ ይጥላል፥ ከአንድ የጭነት ፒክአፕ የተረፈ ሞላ በየማእዘኑ ይበይድባታል፥ እጁንም ጠርጎ «አሁን እንደ ሰው መኪና ሆነች» ይልሃል። የሃይማኖት አባቶች ኑፋቄን በጉባኤ ያወገዙት ለምን እንደ ሆነ ያልገባህ ከሆነ፥ ይህችን መኪና በጉድጓድ ላይ አንድ ጊዜ መንዳት ይበቃሃል።

ራብዓይ ምክር፤ ስለ አነዳድ

በማር ሚኻኤልና በጀማይዘ ሰፈሮች እራት የሚበላ ሰው መኪናውን ራሱ ማቆም ነውር ስለ ሆነበት፥ በሩ ላይ ቁልፍ ተቀብሎ የሚያቆምለት ጎልማሳ አይታጣም። ቁልፍህን ያለ አንዳች ማብራሪያ አስረክበው። በዴኤስ ውስጥ የሚጠብቀው የመሪው ጎማ ባለ አንድ ዘንግ ነው፤ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ቢፈልግ አያገኝም፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ከመሪው በላይ ያለው የማርሽ ዘንግ ራሱ ነው፤ ፍሬኑም እንጕዳይ የሚመስል ትንሽ ጕብታ ሆኖ፥ በእግር ጣት ኃይል የሚታዘዝ እንጂ በሙሉ እግር የሚረገጥ አይደለም። ጎልማሳው እንደ ለመደው በሙሉ ጫማው ሲረግጠው በግንባሩ መስተዋቱን ይመታል፥ ከኋላው ያለው መኪናም ይደርስበታል፤ የአንተን ፓራፋንጎ ይዛ የነበረችው ያች አንዲት ብሎንም በዚያ ሌሊት ትጠፋለች።

ፔጆ ያለህ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በዓሌይና በብሐምዱን በኩል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ የሚወጣውን የደማስቆ መንገድ ምረጥ፤ ጊዜውም የነሐሴ እኩለ ቀን ይሁን፤ በራዲያተሩ ውስጥ ውሃ መኖሩን ማየት ግን አምላክን መፈታተን ነው። ከመንገዱ አፋፍ፥ ከዳህር ኤል በይዳር ሳትደርስ እንፋሎቱ ይነግርሃል።

ኃምሳይ ምክር፤ ስለ ማጠብና ስለምታጥበው

በብዙ የቤይሩት ቤት መኪናውን የሚያጥበው ጌታው አይደለም፤ በአሠሪዋ ስም ተመዝግባ ከኢትዮጵያ የመጣች የአገራችን ልጅ ናት። ማለዳ ባልዲዋን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ጋራዥ ስትወርድ፥ ከመኪናዪቱ ፊተኛ ቀኝ ጎማ ሥር የአረንጓዴ ነገር ጠብታ ታያለች፤ ዛሬ የሳንቲም ያህል፥ ከጥቂት ቀን በኋላ የሳሕን ያህል፥ ቀጥሎም በመወልወያ የማይደርቅ ኵሬ ሆኖ ታገኘዋለች። ከቤቱ ሰው ኹሉ አስቀድማ የመኪናዪቱን ሕመም ያወቀችው እርሷ ናትና፥ ጥፋትህ የተሟላ እንዲሆን ከፈለግህ አትጠይቃት። ልትነግርህ አፏን ብትከፍትም፥ «ሚስተር» ሥራ አለበት ተብላ ወደ «መዳም» ትመለስ፤ መዳምም ወለሉ ለምን ቆሸሸ ብላ ትቆጣት። ከዚያ በኋላ መኪናዪቱ ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን ጥላ ውስጥ፥ ከአቧራ በሚከልል ሻሽ ተሸፍና ስታርፍ፥ እርሷ ግን እሑድን እንኳ ወደ ዶራ ሰፈር ወጥታ ከእኅቶቿ ጋር ቡና እንዳትጠጣ ቢከለክሏት፥ ለብረት የታዘነውን ያህል ለሰው ያልታዘነበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ወደ ቤትህ እንዳይገባ በሩን ዝጋ።

ሳድሳይ ምክር፤ ስለ ምናኔ

ከምክሮቹ ኹሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ መኪናዪቱን አትንዳት። በ2021 በሐምሌና በነሐሴ በሊባኖስ ነዳጅ ጠፍቶ ሰው በየማደያው ሰልፍ ይዞ ባደረበት ጊዜ፥ ብዙ መኪና ከግድ የተነሣ መንኖ ነበር፤ አንተ ግን ነዳጅ ሲሞላም ምናኔዋን አታፍርስባት። በቆመች ጊዜ ቤንዚኑ አርጅቶ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በሙጫ ይደፍነዋል፤ ባትሪው ይሞታል፤ ዘይት ያልደረሰው ጎሚኒ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በኳሶቹ ውስጥ ያለው ጋዝ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ያልቃል። ይህ ኹሉ ሲሆን ላይዋ ያበራል፥ ወዳጆችህም ፎቶግራፍ እያነሡ ያደንቋታል።

የዚህ ትምህርት ተቃራኒ የታየባት ከተማ በእኛው አገር ሐረር ናት። በ1963፥ በ1966፥ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈችው ፔጆ 404፥ በአውሮፓ ቤተ መዘክር ከገባች በኋላ እንኳ፥ በሐረር በጀጎል በሮች አጠገብ ታክሲ ሆና ስታገለግል ኖራለች። ባለቤቶቿ አላመለኳትም፤ ሰው ጫኑባት፥ ጆንያ ጫኑባት፥ የተሰበረውን ዕቃ ሠፈር ውስጥ ቀጥቅጠው ተኩላት፥ በማግስቱም መልሰው ጫኑባት። ዘይቷ በየቀኑ ሲዞር፥ ጕድለቷም በየቀኑ ሲታወቅ፥ ለመበስበስ ጊዜ አጣች። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ወደ ቤይሩት መጥቶ ምድር ቤትህን ቢጎበኝ ኖሮ፥ ይህች የታመመችው በምንድን ነው ብሎ ሳይሆን፥ ማንን ትወስዳለች ብሎ ይጠይቅህ ነበር።

እንግዲህ ስድስቱን ምክሮች በሥርዓት የፈጸመ ሰው አንድ ጠላት ብቻ ይቀርበታል፤ እርሷም «ቴታ» እየተባለች የምትጠራው አያቱ ናት። በሰኔ ወር ቼሪ ሲበስል፥ ወደ ተራራው ወደ ሐማና ካልወሰዳችሁኝ ብላ ከነቅርጫቷ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች እንደ ሆነ፥ ነገሩ ኹሉ ይገለበጣል። እርሷን ለመውሰድ አሮጌው ቤንዚን ይቀዳል፥ አዲስ ይሞላል፥ ባትሪው ይለወጣል፤ እንዳትንገላታ ሲባል የኳሶቹ ጋዝ ይሞላል፥ እንዳትወድቅ ሲባል ፍሬኑ ይታያል፤ መንገዱንም ስለማታምን ቡርጅ ሐሙድ ያለው ሽማግሌ ይጠራል። ስለዚህ መኪናህን ፈጽመህ ለማጥፋት የቈረጥህ እንደ ሆነ፥ ከዝገትም ከመካኒክም አስቀድመህ አያትህን ተጠንቀቅ።