አዋጅ ቁጥር 4+1፦ የስኮርታ ጎማን ክብር ለመመለስ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ ላልሰማ አሰማ!

ግዛታችን አምስት መቀመጫ ያላት፣ በሊብሬዋ ላይ ስማችን የሰፈረ፣ ቦሎዋ ያላለፈበት ነጭ ቪትዝ በመሆኗ፤

ይህችው ግዛት ከጃፓን ይዛው የመጣችውን ባለ 14 ቸርኬ በባለ 16 ስፖርት ቸርኬ እንድትለውጥ እኛው ራሳችን፣ ማንንም በተለይም ባለቤታችንን ሳናማክር የወሰንን በመሆናችን፤

ከዚያ ወዲህ ከኋላ ተጋድሞ የቀረው ስኮርታ «አለ» ከመባል በቀር አየር ይኑረው አይኑረው፣ በምን እንደሚታሰር፣ በምንስ እንደሚፈታ የጠየቀ ባለመኖሩ፤

የዚህ ቸልታ ውጤትም በጣርማ በር ብርድ፣ በመላው ቤተሰባችን ፊት የተረጋገጠ በመሆኑ፤

በሹፌር ወንበር በተሰጠን ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «ስኮርታ» ማለት ጎማ ብቻ አይደለም። ጎማው፣ ክሪኩ፣ መፍቻውና የሚገጥሙት ዳዶዎች አንድ ላይ ሲገኙ ስኮርታ ይባላሉ፤ አንዱ ሲጎድል ቀሪው ጭነት ነው። «አላፊ አግዳሚ» ማለት ደግሞ ስኮርታ የማይዝ ሰው እንደ ስኮርታ የሚቆጥረው መንገደኛ ነው።

አንቀጽ 2፦ አዋጁን ያስወጣው ምክንያት

ደሴ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። ደብረ ሲናን አልፈን አቀበቱን ስንያያዘው ጉም ወረደብን። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነውና እዚያ ጉም እንግዳ አይደለም፤ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው ድንጋይ ግን እንግዳ ነበር። ጓ! አለ። የፊት ግራ ጎማ ጎኑ ተተረተረ።

እዚህ ላይ ሕዝብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ቪትዟ ይዛው የመጣችው 165/70 ጎማ፣ ከቸርኬው ጫፍ እስከ መሬት የነበረው የጎን ቁመት አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበር። እኛ ያስገጠምነው 195/45 ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ለቁመናዋ ብለን በድንጋይና በቸርኬ መካከል ያለውን ትራስ በሦስት ሴንቲ ሜትር ግድም ቀነስነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የነገረን አልነበረም፤ ሻጩ የነገረን እንደሚያምርባት ብቻ ነው። አልዋሸም፤ አምሮባታል።

አማታችን ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው «ምን ሆንን ልጄ?» አሉ።

«ምንም አይደል እማማ፣ ስኮርታ አለን» አልን፤ በኩራት።

ስኮርታውን አወረድን። ክሪኩን ደገፍን። ባለ 21 መፍቻችንን ዳዶው ላይ ብናደርገው ባዶውን ዞረ። አዲሱን ቸርኬ ያሰሩት ዳዶዎች ቀጫጭን፣ ዙሪያቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸነሸነ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ አንዲት ልዩ ብረት ብቻ የሚፈቱ ናቸው። ሌባ እንዳይፈታቸው ተብሎ ነው። ሌባ አልፈታቸውም። እኛም አልፈታናቸውም።

«ያቺ ብረት?» አለች ባለቤታችን ከጋቢና ሳትወርድ። «ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከሻማው ጋር ናት። የመጋረጃ ዕቃ መስላኝ እኮ ነው ያስቀመጥኳት።»

ቡፌው የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው።

ያቆመልን የኤፍኤስአር ሹፌር በስልኩ መብራት ዳዶውን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኛን አየ። «ጋሼ፣ ይሄን ማነው ያስገጠመዎት?» አለ። የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ አልመለስንም። በመሮና በመዶሻ አራቱን ለማስለቀቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ደግነቱ የድሮዎቹ ዳዶዎች በፌስታል ተቋጥረው ከስኮርታው ሥር ነበሩ፤ ባይኖሩ ኖሮ ይህ አዋጅ ዛሬም ከጣርማ በር ይነበብ ነበር። ስኮርታው ራሱ ቀጭን ነው፤ ሲዳሰስም ለስላሳ ነው። ጎኑ ላይ 60 አየር ይሞላኝ ይላል፣ የአራቱን ወንድሞቹን እጥፍ ግድም፤ በውስጡ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ የደፈረ የለም። ሹፌሩ በቱቦ ከራሱ መኪና አየር አጋራን። በዚያው መብራት ሌላም ጽሑፍ አነበብን፤ 2308። በፈረንጆቹ 2008 ዓ.ም በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። እኛ ሚሌኒየማችንን ሳንጨርስ የተወለደ ጎማ አንድም ቀን ሳይሠራ በጨለማ አርጅቷል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ተቃዋሚዎች

ስኮርታ ቦታ ይይዛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የስኮርታውን ጉድጓድ ለሙዚቃ ባስ የሰጡ ወጣቶችም አሉ፤ የባሱ ጥቅም ጎማው ሲፈነዳ እንዳይሰማ ማድረጉ ነው።

ብርቱው ክርክር የሚመጣው ግን ከኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ መንገዱን የሞሉት እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ ሳይዙ ነው የተፈጠሩት። በምትኩ አንድ ጠርሙስ ሙጫ መሰል ፈሳሽና ትንሽ አየር መሙያ ይሰጣቸዋል። ፈሳሹ ሚስማር የበሳውን ይደፍናል፤ የተተረተረ ጎን ግን አይሰፋም። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በኛ መንገድ የሚሞተው ደግሞ በጎኑ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ተሰምቶ ውድቅ ተደርጓል።

አንቀጽ 4፦ ግዴታ

ቸርኬ የለወጠ ሁሉ ከገጠመበት ግቢ ሳይወጣ ስኮርታውን በገዛ እጁ፣ በገዛ መፍቻው አንድ ጊዜ አስሮ ይፍታ። ጎሚስታው በአየር ማሽኑ ቢፈታው አይቆጠርም፤ ጎሚስታው አብሮን አይሳፈርም።

አምስተኛ ስፖርት ቸርኬ ለመግዛት አቅም ያለው ይግዛ፤ ነገር ግን የብዙ መኪኖች ጉድጓድ ለቀጭኑ ስኮርታ የተሠራ ነውና ክዳኑ አልዘጋ ሲል እንዳይከሰን። ፍሬኑን ያሳደገ፣ የድሮው ትንሽ ቸርኬ ፍሬኑን ማለፍ አለማለፉን ይሞክር። እንደ ቮልስዋገን በዳዶ ፈንታ ብሎን የሚጠቀሙ ደግሞ የድሮዎቹን ብሎኖች እንዳይጥሉ። የፋብሪካው ብሎን አንገቱ እንደ ኳስ ክብ፣ የገበያው ቸርኬ ብሎን ሾጣጣ ነው፤ አንዱ በሌላው መቀመጫ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም።

ቀጭኑ ስኮርታ ከወንድሞቹ ያነሰ ነው። እንደ ግዛታችን በፊት ጎማ በምትጎተት መኪና ላይ ከፊት ቢታሰር ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሽከረክረዋል። የተበላሸው የፊቱ ከሆነ ደህናውን ከኋላ ወደ ፊት አምጥቶ ስኮርታውን ከኋላ ማሰር ነው። ፍጥነቱም እዚያው ጎማው ላይ እንደተጻፈው ከ80 አይለፍ። እኛ በዚያ ሌሊት ከፊት አስረን በ40 ደብረ ብርሃን መግባታችን ይቅርታ የተደረገለት ጥፋት ነው። ይቅርታውን ያደረግነውም እኛው ነን።

አንቀጽ 5፦ የተሻሩ ልማዶች

«ቅርብ እኮ ነው የምሄደው»፣ «ሰው አይጠፋም» እና «ባለፈው አይቼዋለሁ» የሚሉት አባባሎች ይህን አዋጅ በሚመለከት ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ረቂቁ ለጋቢናው ምክር ቤት ቀርቦ በአንድ ማሻሻያ ጸድቋል። ማሻሻያው «ሁለተኛ ቸርኬ ከመለወጡ በፊት እኔ ልጠየቅ» የሚል ሲሆን ክርክር አልተደረገበትም። አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ያቺ ብረት ከቡፌው ወጥታ በአማታችን የነጠላ ጥለት ቅዳጅ በክሪኩ እጀታ ላይ ታስራለች።